ከዝቋላ ተሳላሚ እስከ ቅዳሜ ተጓዥ፤ ተራራ የመውጣት ታሪክ በአዲስ አበባ ምሥራቅ

የመስከረም ደመና ተገፎ ሰማዩ በጠራ ጊዜ ከቦሌ ሜዳ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው አዲስ አበባ በተራሮች የተከበበች ከተማ መሆኗ ወዲያው ይገለጥለታል። በስተሰሜን የእንጦጦና የየካ ሸንተረር ተዘርግቷል። በስተምዕራብ ወጨጫ፣ በስተደቡብ ምዕራብ ፉሪ ይታያሉ። በስተምሥራቅ የረር ትከሻውን አስፍቶ ተቀምጧል፤ በስተደቡብ ምሥራቅ ደግሞ፣ አየሩ ንጹሕ በሆነ ቀን፣ ከሜዳው መካከል ብቻውን የቆመው ዝቋላ ከሩቅ ብቅ ይላል። ወጨጫ፣ ፉሪ፣ የረርና ዝቋላ ከጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የተወለዱ ናቸው። የሥነ ምድር ተመራማሪዎች ከየረር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እስከ ቱሉ ወለል የሚዘልቀውን የእሳተ ገሞራና የስንጥቅ መሥመር በእነዚሁ በሁለቱ ተራሮች ስም ይጠሩታል።

በዛሬው ጊዜ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት የሚኖሩ ወጣቶች፣ መምህራንና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ዐርብ ማታ ቦርሳቸውን አሰናድተው ቅዳሜ ወይም እሑድ ሲነጋጋ ወደ እነዚህ ተራሮች የሚወጡባቸው የተራራና የእግር ጉዞ ማኅበራት ተቋቁመዋል። የእነዚህ ማኅበራት አስተባባሪዎች የሚጨነቁባቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። በየትኛው ወር፣ ወደ የትኛው ተራራ፣ በስንት ሰዓት ተነሥቶ፣ ምን ስንቅ ተይዞ፣ በማን መሪነት? እንዲህ ያለው ዕቅድ ለብዙ ሰው ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ የመዝናኛ ልማድ ይመስለዋል። ታሪኩ ሲመረመር ግን ከእነዚህ ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው በኢትዮጵያ ምድር ላይ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት መልስ ያገኙ ሆነው ይገኛሉ። መላሾቹም ተሳላሚው፣ እረኛው፣ ገበሬውና እንጨት ተሸካሚዋ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ መልስ ምን እንደ ነበረ ማሳየትና የዛሬው ተጓዥ ከእርሱ ሊማር የሚገባውን ማመልከት ነው።

የወቅት አለመጣጣም

በዓለም የመጀመሪያው የተራራ ወጪዎች ማኅበር በለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1857 ተመሠረተ። የኢጣልያው እ.ኤ.አ. በ1863 በቶሪኖ ተከተለ። በለንደኑ ማኅበር ዙሪያ የተሰበሰቡት በአብዛኛው የሕግ ዐዋቂዎች፣ ቀሳውስትና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሲሆኑ፣ ረጅም የዕረፍት ጊዜያቸውም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይውል ነበር። እነዚህ ወራት በአውሮፓ የበጋ ወራት ናቸው። በረዶው ይቀልጣል፣ ቀኑ ይረዝማል፣ የአልፕስ ተራሮች መተላለፊያዎችም ይከፈታሉ። ስለዚህ የሰውየው ዕረፍትና የተራራው ወቅት ያለ ችግር ይገጣጠሙ ነበር።

ሆኖም በአውሮፓም ቢሆን የተራራው እውነተኛ ባለሙያ የማኅበሩ አባል አልነበረም። ሞንት ብላን ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1786 በተወጣ ጊዜ ጫፉ ላይ የደረሱት ሁለት ሰዎች የሻሞኒ መንደር ሐኪም የነበረው ሚሼል ፓካርና ከዚያው አካባቢ ማዕድን እየለቀመና እያደነ ይኖር የነበረው ዣክ ባልማ ነበሩ። ከዚያም በኋላ በመጽሐፍ ስማቸው የገነነው ባለጠጎች ወደ ላይ የወጡት በገበሬ መሪዎች ትከሻ ላይ ተደግፈው ነው። ይህ እውነት ወደፊት ስለ ኢትዮጵያ ለሚነገረው ታሪክ ጠቃሚ መነሻ ይሆናል።

በአዲስ አበባ የዘመን አቆጣጠሩ ብቻ ሳይሆን ወቅቱም ከአውሮፓ ይለያል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ክረምት ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው፣ መምህሩም ተማሪውም ነፃ የሚሆኑት በዚሁ ጊዜ ነው፤ ተራራውም በሩን የሚዘጋው ያኔውኑ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የዓመቱ ከባድ ዝናብ የሚወርድባቸው ወራት ናቸው። የቦሌና የአቃቂ ሜዳ ጥቁር አፈር ረጥቦ ከጫማ ሥር እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ከእንጦጦና ከየካ የሚወርዱት ወንዞች ባልታሰበ ሰዓት ሞልተው ተሻጋሪውን ይወስዳሉ። ከቀትር በኋላ መብረቅ በሸንተረሩ ላይ ይበረታል፤ ጭጋጉም መንገዱን ከዐይን ይሰውረዋል። ከዚህም ሌላ በከተማ ያደገ ሰው ብዙ ጊዜ የማያስበው አንድ ነገር አለ። በክረምት የተራራው ግርጌ ሁሉ የተዘራ ማሳ ነው። በጤፍና በስንዴ ቡቃያ መካከል ሃያ ሰው ተሰልፎ ሲያልፍ የአንድ ቤተሰብ የዓመት እንጀራ ይረገጣል።

እንግዲህ ከውጭ የመጣን የበጋ የጉዞ ዕቅድ ወራቱን ሳይለውጡ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት አደጋ ነው። የአውሮፓው ሐምሌ ለቦሌው ተጓዥ ጥቅምት ወይም ኅዳር መሆን ይኖርበታል። ይህንን ሐቅ ግን የአገሩ ሕዝብ ከማንም ሳይማር ያውቀው ነበር።

ተሳላሚው ያወጣው የጉዞ ዕቅድ

በኢትዮጵያ ተራራ መውጣት በታሪክ ውስጥ የሚታየው በመጀመሪያ ከእምነትና ከመከላከያ ጋር ተያይዞ ነው። በትግራይ የሚገኘው ደብረ ዳሞ፣ በትውፊት እንደሚነገረው፣ በ6ኛው መቶ ዓመት በአቡነ አረጋዊ የተመሠረተ ገዳም ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ወደ ላይ የሚወጣው በጠፍር ገመድ ነው። መነኮሳቱ ገመዱን እየጠበቁና እያደሱ፣ ወጪውን ከላይ ሆነው እየሳቡ ያሳለፉት ዘመን በአልፕስ ተራሮች ማንም ገመድ ከመዘርጋቱ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። የነገሥታቱ ልጆች የሚጠበቁባት ግሸን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. የሞቱባት መቅደላ፣ አምባ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ያለውን ስፍራ የሚያስታውሱ ናቸው።

ለአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል የቅርቡ ምሳሌ ግን ዝቋላ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2989 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ተራራ ከግርጌው ካለው ሜዳ ወደ 1000 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይነሣል። በአናቱ ላይ የእሳተ ገሞራው አፍ የነበረው ጎድጓዳ ቦታ ሐይቅ ሆኗል፤ በዳርቻውም የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ይገኛል። ስሙ በሩቅ አገር ሳይቀር የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1450ዎቹ መጨረሻ በቬኒስ መነኩሴው ፍራ ማውሮ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ በዚህ አካባቢ ባራራ የተባለች ታላቅ የነገሥታት ከተማ ተመልክታለች። ሪቻርድ ፓንክረስትና ሃርትዊግ ብሬተርኒትስ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት የባራራን ስፍራ የፈለጉት ዝቋላንና መናገሻን ምልክት አድርገው ነው። የከተማይቱ ፍርስራሽ በትክክል የት እንደሆነ ዛሬም ተመራማሪዎችን ያከራክራል፤ ከተማይቱ ብትጠፋም ተራራው የመንገደኛ ምልክት ሆኖ መቆየቱ ግን አያከራክርም።

የዝቋላ አቦ ዋና በዓላት ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን ይውላሉ። እነዚህን ሁለት ቀኖች የተራራ ጉዞ ዐዋቂ በሆነ ሰው ዐይን ማየት ይጠቅማል። ጥቅምት 5 ዝናቡ አብቅቶ ጭቃው የሚጠነክርበት፣ ምንጮች ግን ገና ያልደረቁበት ጊዜ ነው። መጋቢት 5 ደግሞ አዝመራው ከማሳ ተነሥቶ መንገዱ የተከፈተበት፣ የሌሊቱ ብርድ የተሻለበት፣ ትልቁም ዝናብ ገና የራቀበት ወቅት ነው። ቀኖቹን የቀደሰው ሃይማኖት ነው፤ ጉዞውን ያቃለለው ግን የወቅቱ ምቹነት መሆኑ አይካድም።

በዚሁ ተራራ፣ ቱሉ ጩቃላ ብሎ በሚጠራው በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድም፣ የወቅቱ ዕውቀት በሥርዓት ተቀርጾ ይገኛል። ኢሬቻ ሁለት ወገን አለው። ክረምቱ ሲወጣ በውሃ ዳር ምስጋና የሚቀርብበት ኢሬቻ መልካ ሲሆን፣ በደረቁ ወቅት ማብቂያ ዝናብ ለመለመን ወደ ከፍታ የሚወጣበት ኢሬቻ ቱሉ ይባላል። ሰው ወደ ተራራ የሚወጣው ተራራው ደርቆ መንገዱ ሲገኝ ነው፤ ዝናቡ ከጣለ በኋላ ወደ ታች፣ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ሁለት እምነት፣ አንድ ተራራ፣ አንድ የዝናብ ትምህርት።

የተሳላሚው ዕቅድ ወቅትን በመምረጥ ብቻ አላበቃም። ስንቁ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነበር፤ ቀላል፣ የማይበላሽ፣ እሳት የማይፈልግ። መጋቢት 5 አብዛኛውን ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ስንቁ ከጾሙም ጋር የተስማማ ነው። ጋቢው ቀን ለፀሐይ መከላከያ፣ ሌሊት ለብርድ መከናነቢያ ይሆናል። ዱላው ለዳገቱ ሦስተኛ እግር ነው። ጉዞው ብቻን አይደረግም፤ አዛውንት፣ ሴቶችና ልጆች አብረው ስለሚጓዙ ፍጥነቱ የሚወሰነው በደካማው ሰው እርምጃ ነው። ይህ የመጨረሻው ሕግ ዛሬ በየትኛውም የተራራ መማሪያ ውስጥ የሚገኝ የመጀመሪያ ሕግ ነው።

ለሥነ ጥበብ ሰዎችም ዝቋላ የራሱ መልእክት አለው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሁልጊዜ የሚታዩት ሰውነታቸው በጠጉር ተሸፍኖ፣ አንበሶችና ነብሮች ከግራና ከቀኝ ተሰልፈውላቸው ነው። ሠዓሊው በዚህ ሥዕል ያስተማረው በከፍታ የሚኖር ሰው አውሬውን ገድሎ ሳይሆን ከእርሱ ጋር ታርቆ የሚኖር መሆኑን ነው። ዛሬ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ በብዙ ቃል የሚነገረውን ሥዕሉ በአንድ እይታ ይናገረዋል።

ከተማዋ ከተራራው ስትወርድ

የአዲስ አበባ ታሪክ ራሱ ከተራራ የመውረድ ታሪክ ነው። ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መቀመጫቸውን ያደረጉት በእንጦጦ ላይ ነበር። ቦታው ለመከላከያ ተስማሚ ቢሆንም ብርዱና ነፋሱ የበረታ፣ ማገዶውም እየራቀ የሚሄድ ሆነ። እቴጌ ጣይቱ ከሸንተረሩ ሥር የሚገኘውን የፍልውሃ አካባቢ መርጠው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ያም ሆኖ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ሕይወቱ ወደ ሜዳው ሲወርድ ክብሩ በተራራው ቀርቶ ነበር ለማለት ይቻላል።

ከተማዋ ብትወርድም ተራራውን ሳትነካ አልተወችውም። የሀገር በቀሉ ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ ከማለቁ የተነሣ ዋና ከተማውን ወደ ሌላ ስፍራ የማዛወር ሐሳብ እስከ መነሣት ደርሶ ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከዚያ አዳናት። ከዚህ በተቃራኒ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በትውፊት እንደሚነገረው፣ በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ የጽድ ዘር ከአንኮበር አካባቢ ከወፍ ዋሻ መጥቶ የተተከለበት ነው። አንዱ ተራራ ሲራቆት ሌላው ሲለብስ የታየው ይህ ታሪክ ተራራ በሰው እጅ እንደሚሞትና በሰው እጅ እንደሚድን ያስተምራል።

ከተማዋ ወደ ምሥራቅ የተስፋፋችበት ዋና ምክንያት ደግሞ አውሮፕላን ነው። የልደታው የአውሮፕላን ማረፊያ ለጄት አውሮፕላኖች የሚያጥር በመሆኑ በቦሌ ሜዳ ላይ አዲስ ማረፊያ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. የጄት በረራ ተጀመረ። እህልና ከብት ይታይበት የነበረው ሜዳ ቀስ በቀስ ጎዳናና ሕንፃ ለበሰ። ከዚያም ገርጂ፣ ጎሮ፣ ሰሚት፣ አያት እያለ የከተማው ዳር ወደ የረር ተጠጋ። በምሥራቅ አዲስ አበባ «የረር በር» ተብሎ የሚጠራው ሰፈር ወደዚያ ተራራ የሚያመራውን አቅጣጫ በስሙ ይዞ ይኖራል። ዛሬ በሰፈሩ ከሚኖሩት መካከል ተራራውን በእግሩ ረግጦ የሚያውቀው ጥቂቱ ነው።

ሸክሙና ስፖርቱ

ስለ ተራራ ጉዞ በሚጻፍ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ተመዝግቦ የማይገኝ፣ ነገር ግን በእንጦጦና በየካ ዳገት ላይ ከማንም የበለጠ የተመላለሱ ሰዎች አሉ። እነርሱም እንጨትና ቅጠል ተሸካሚ ሴቶች ናቸው። ለብዙ አሠርት ዓመታት የአዲስ አበባ ምጣድ የጋለው በእነርሱ ጀርባ ነው። ሌሊት ተነሥተው ሸንተረሩን ይወጣሉ፤ ወገባቸውን አጉብጠው፣ ሸክሙን በገመድ ታጥቀው፣ በሚያንሸራትተው ቁልቁለት ይወርዳሉ። የትኛው ጎዳና በካፊያ እንደሚያዳልጥ፣ የትኛው ምንጭ እስከ ግንቦት እንደሚቆይ፣ ጭጋግ ሲወርድ በየት በኩል መውጣት እንደሚሻል ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ዕውቀታቸው ግን እንደ ድካም እንጂ እንደ ሙያ አልተቆጠረም።

በዚሁ ከፍታ ላይ ሌላ ታሪክም ተሠርቷል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ በተገነባ ሳንባ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሯጮችም የእንጦጦን ዳገት የልምምድ ሜዳቸው አድርገውታል። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠለል ከሚያገኘው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ የለመደ ሰውነት ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ሲወርድ ይበረታል። እንጨት ተሸካሚዋና ሯጩ በአንድ ዳገት ላይ ሲተላለፉ ኖረዋል፤ አንደኛዋ ለዕለት ጉርስ፣ ሌላው ለሜዳልያ።

የተደራጀ የተፈጥሮ ጉዞ በአዲስ አበባ ሥር የሰደደው በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር «ዋልያ» የተሰኘ መጽሔት በማሳተምና አባላቱን ከከተማ አውጥቶ ከወፍና ከዛፍ ጋር በማስተዋወቅ ፈር ቀዳጅ ሆኗል። የሰሜን ተራሮችም እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ከ4500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ራስ ዳሸንን በተመለከተ በውጭ መጻሕፍት የሚነገረው ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉት የፈረንሳይ መኮንኖች እ.ኤ.አ. በ1841 እንደ ወጡት ነው። ከእነርሱ በፊት በዚያ ከፍታ በጎቻቸውን ያሰማሩ የነበሩት እረኞች ግን ስማቸውን የሚጽፍላቸው አልነበረም። በሻሞኒ የታየው እዚህም ተደግሟል።

ስለ ዝግጅት ከተነሣ ከአዲስ አበባ ጋር የተያያዘ አንድ እንግዳ ታሪክ ማንሣት ይገባል። ፌሊቼ ቤኑትሲ የፋሽስት ኢጣልያ የቅኝ ግዛት ሹም ሆኖ በኢትዮጵያ ያገለገለ ሰው ነበር። ወራሪው ኃይል በ1933 ዓ.ም. ድል ሲሆን ተማርኮ በኬንያ ተራራ ግርጌ ናንዩኪ ታሰረ። እ.ኤ.አ. በጥር 1943 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከእስር ቤቱ አመለጠ፤ ዓላማቸውም ነፃ መውጣት ሳይሆን ተራራውን ወጥቶ መመለስ ነበር። ለወራት ከዕለት ራሽናቸው ምግብ ቆጠቡ፣ መዶሻን ወደ በረዶ መቆፈሪያ ለወጡ፣ ከወዳደቀ ብረት የጫማ እሾህ ሠሩ። የተራራውን ገጽታ የሚያመለክታቸው በሥጋ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ነበር። ሌናና የተባለው ጫፍ ደርሰው ተመልሰው እጃቸውን ሰጡ። ሰውየው የመጣበት ዓላማ የተወገዘ ነው፤ ታሪኩ ግን ውድ ዕቃ ያልገዛ ሰው ተራራ አይወጣም የሚለውን የከተማ አስተሳሰብ ከንቱ ያደርገዋል። በረባሶ ተጫምቶ ዝቋላ የሚወጣው ተሳላሚም ይህንኑ ሲያስተምር ኖሯል።

ከቦሌ የሚነሣ የአንድ ዓመት ዕቅድ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ተነሥቶ በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የተራራ ማኅበር ዓመቱን እንዴት ሊደለድል እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። የአውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 2334 ሜትር ላይ ስለሚገኝ የቦሌ ነዋሪ ከፍታውን በከፊል ለምዶ ይጀምራል። ያም ቢሆን ዕቅዱ ከቅርቡና ከዝቅተኛው መነሣት አለበት።

የጥቅምት ወር ለመጀመሪያው ጉዞ ይሆናል፤ መድረሻውም በየካ ኮረብታ ላይ ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ነው። ትውፊት ከአብርሃና አጽብሓ ዘመን ጋር ያያይዘዋል፤ ተመራማሪዎች ወደ ኋለኛው ዘመን ያመጡታል። ጣራው የፈረሰው ይህ ቅርስ በግማሽ ቀን ደርሶ መመለስ ለሚፈልጉ መምህራንና ተማሪዎች የታሪክ ክፍል ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው በከንቱ አይደለምና የማለዳው ብርድ መዘንጋት የለበትም። በኅዳር የእንጦጦ ሸንተረር ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ጀማሪዎችን ለማለማመድ ያመቻል።

የየረር ጊዜ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ታኅሣሥና ጥር ነው። ወደ 3100 ሜትር የሚጠጋው ይህ ተራራ ከቦሌ ሜዳ ከ700 ሜትር በላይ መውጣትን ይጠይቃል። በምሥራቅ በኩል ላለው ነዋሪ ቅርብ መስሎ ቢታይም ግርጌው እስኪደረስ የሚያስኬደው መንገድ ረጅም ስለሆነ ከንጋት በፊት መነሣት ግድ ነው። የካቲት ከ3300 ሜትር በላይ ለሆነው ወጨጫና ለመናገሻ ሱባ ደን ይመደባል። እነዚህን የፈጸመ ሰው መጋቢት ላይ ለዝቋላ የበቃ ነው። ወደ ዝቋላ የሚሄደው በቢሾፍቱ በኩል ሲሆን፣ ከግርጌው ከወንበር ማርያም ጀምሮ እንደ ጥንቱ በእግር መውጣት የጉዞውን ክብር ይጠብቃል።

የቀኑ ምርጫም የማኅበራዊ ፍትሕ ጥያቄ አለበት። በሥራ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ መደበኛው የሥራ ጊዜ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ይደርሳል። በፋብሪካ፣ በግንባታና በሱቅ ለሚሠራው ሰው ይህ በተግባር ስድስት ቀን ነው። ሁለት ቀን የሚፈጅ ጉዞ ሁልጊዜ ከቅዳሜ ንጋት የሚጀምር ከሆነ ተራራው የቢሮ ሠራተኛ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የእሑድ የአንድ ቀን ጉዞዎች ከሁለት ቀን ጉዞዎች ሊበዙ ይገባል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ አያት የተዘረጋው ቀላል ባቡር የመሳሰለው የሕዝብ መጓጓዣም ከግል መኪና ይልቅ የዕቅዱ መሠረት ቢሆን የአባላቱ ቁጥር ይሰፋል።

የክረምቱ ሥራ

ታዲያ ተማሪውና መምህሩ ነፃ በሚሆኑበት ክረምት ማኅበሩ ምን ይሥራ? መልሱ ከተራራው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ሐምሌ የችግኝ መትከያ ወር ነው። በበጋ የተረገጠው ቁልቁለት በክረምት ካልለበሰ በሚቀጥለው ጥቅምት ተጓዡን የሚቀበለው ቦረቦር ነው። ዘርዐ ያዕቆብ አደረጉት የሚባለውን፣ የጽድ ዘር ከሩቅ አምጥቶ ተራራ ማልበስን፣ ዛሬ አንድ የሠፈር ማኅበር በአንድ ቀን ጠዋት በግርጌው ሊያደርገው ይችላል፤ ያውም ከገበሬው ጋር ተማክሮ፣ ማሳ ሳይረግጥና ወደ መብረቁ ከፍታ ሳይወጣ። በዚሁ ወቅት የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታና የካርታ ንባብ በቤት ውስጥ ይሰጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የየካን፣ የየረርንና የዝቋላን ሽማግሌዎች፣ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ እናቶችን ጠይቆ የመንገዶችን፣ የምንጮችንና የቦታዎችን ስም በጽሑፍ ማስቀረት ይገባል። ከተማው በሚስፋፋበት ፍጥነት ይህ ዕውቀት ከባለቤቶቹ ጋር እየተቀበረ ነው።

ተራራው ባዶ ስፍራ አይደለምና ማንኛውም ዕቅድ በፈቃድና በሰላም ይጀምራል። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. በዝቋላ ደን ላይ እሳት በተነሣ ጊዜ ከአዲስ አበባና ከአካባቢው ሕዝብ ለማጥፋት ወጥቷል። ያ ወር የተሳላሚው ወር ነው፤ የደረቀ ሣር አንዲት ፍም የሚበቃበት ወር በመሆኑም ተጓዥ እሳት ከማንደድ በሶውን በውሃ በጥብጦ ቢጠጣ የተሻለ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ አራት የዝቋላ ገዳም አባቶች መገደላቸውን ቤተ ክርስቲያኒቱ አስታውቃለች። ሰው አውሬን ሳይፈራ ለመቶ ዓመታት ወደ ወጣበት ተራራ ሰውን ፈርቶ የሚቀርበት ጊዜ መምጣቱ ሐዘኑ የገዳሙ ብቻ አይደለም። ስለዚህ አስተባባሪ የሆነ ሰው ከሰማዩ ደመና አስቀድሞ የምድሩን ሁኔታ ይጠይቃል፤ የአካባቢው ሰው «ዛሬ አትውጡ» ካለ አይወጣም። ተራራው ቢያመልጠው ለሌላ ቀን ይቆየዋል።

ተራራና ተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ግን ይገናኛል ይባላል። የረርና እንጦጦ፣ ወጨጫና ዝቋላ እርስ በርሳቸው እየተያዩ፣ ሳይቀራረቡ ይኖራሉ። በእነርሱ ላይ ግን ተሳላሚና እረኛ፣ ተሸካሚና ሯጭ፣ ገበሬና የከተማ ልጅ ሲገናኙ ኖረዋል። በሚቀጥለው ጥቅምት የመጀመሪያ እሑድ ከቦሌ ተነሥቶ ወደ የካ የሚወጣው ቡድን በመንገዱ ላይ አንዲት እንጨት ያዘለች እናት ቢያጋጥመው፣ ቁልቁለቱን ለእርሷ ለቅቆ በዳር በኩል ይለፍ፤ መንገዱንም ይጠይቃት።